እንጀራ አባት
በጥቂት ገንዘብ ስለ ተሠራ አንድ ፊልምና ስለ ተዋናዩ ስለ ቴሪ ኦኩዊን

መግቢያ

በዚህ ቡለቲን ብዙ ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ አገር ልማድ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ዕድርና ስለ ታሪካዊ ቦታዎች የሚናገሩ ስለ ሆኑ፣ እኔ ስለ አንድ የነፍሰ ገዳይ ፊልም ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርመው አይቀርም። እኔም ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት በሁለት ምክንያት አመንትቼ ነበር።

አንደኛው ምክንያት፣ እንዲህ ያለው ፊልም በተማረ ሰው ዘንድ የተናቀ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ቤት ስለ ነበረው፣ ቅዳሜ ማታ የምናየውን ፊልም አስተማሪዎቻችን አስቀድመው ይመርጡልን ነበር፤ ደም የሚፈስበት ፊልም ግን ከደጃፉም አይደርስም። ይህን ጥንቃቄ ዛሬም አልነቅፈውም። ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው። እኔ ያደግሁት በእንጀራ አባት እጅ ነው። ባለፈው ዓመት ጓደኞቼ በመኝታ ክፍላችን ባንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ተሰብስበው ስሙ «እንጀራ አባት» የተባለ የነፍሰ ገዳይ ፊልም ለማየት ሲዘጋጁ፣ እኔ ለፈተና የማነበው አለኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሳያልቁ መጽሐፌን ዘግቼ ከእነርሱ ጋር ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ያልነበረው ይህ ፊልም የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ ባንድ ተዋናይ ፊት ላይ ማኖሩን፣ ተዋናዩም ክፉ ሰው ለመምሰል ሳይሆን ደግ አባት ለመምሰል በመድከሙ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ማስፈራቱን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፊልሙ ወገን

ፊልሙ የሚመደብበት ወገን በእንግሊዝኛ ስላሸር ይባላል። ቃሉ በስለት መተልተልን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ነው። ባሕርዩም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ገዳይ አለ፤ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ቢላዋ ወይም ሌላ ስለት ነው፤ ሰዎችን፣ ይልቁንም ወጣቶችን፣ ባንድ ጠባብ ቦታ እየተከታተለ አንድ በአንድ ይገድላል፤ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ አንዲት ልጃገረድ ብቻዋን ቀርታ ትቋቋመዋለች።

የዚህ ወገን አባት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ያወጣው «ሳይኮ» ነው። ሂችኮክ በዚያን ጊዜ ዝነኛ ዲሬክተር ሲሆን፣ ፊልሙን የሠራው በጥቁርና ነጭ፣ ለቴሌቪዥን ሥራው ይጠቀምባቸው ከነበሩት ሠራተኞች ጋር፣ ከ800,000 ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ወጪ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ ጆን ካርፔንተር በ1978 «ሃሎዊን» የተባለውን ፊልም ከ300,000 ዶላር እምብዛም በማይበልጥ ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠራ። የገዳዩ ፊት መሸፈኛ ከሱቅ በርካሽ የተገዛ ጭምብል ሲሆን፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነው ለፊልሙ የዋለው። ይህ ፊልም በአሜሪካ ብቻ ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስላስገባ፣ ሌሎች አምራቾች እርሱን ለመከተል ተሽቀዳደሙ። በ1980 «ዓርብ 13»፣ በ1984 ደግሞ «በኤልም ጎዳና የታየ ቅዠት» ተከተሉ።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምፈልገው የጭምብልን ነገር ነው። ጭምብል ማስፈሪያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ቁጠባ ዘዴም ነው። ገዳዩ ፊቱን ከሸፈነና ካልተናገረ፣ ትልቅ ተዋናይ መቅጠር አያስፈልግም፤ ቁመቱ የሚስማማ ማንኛውም ሰው ሊለብሰው ይችላል። የሚቀጥለው ክፍል ሲሠራም ሌላ ሰው ይለብሰዋል። በዚህ ምክንያት እነዚህ ፊልሞች እየበዙ በሄዱ ቁጥር ገዳዩ ሰውነቱን እያጣ፣ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ መብረቅ ያለ ነገር ብቻ እየሆነ ሄደ። ሰው ከመብረቅ ይሸሻል እንጂ ስለ መብረቅ አያስብም።

በ1987 ጥር ወር በአሜሪካ የወጣው «እንጀራ አባት» ግን ይህን ልማድ ገለበጠው። ገዳዩ ጭምብል የለውም። ከማንም ይልቅ የሚናገረውም እርሱ ነው። የፊልሙም ዋና ሰው ከታዳኞቹ አንዱ መሆኑ ቀርቶ ገዳዩ ራሱ ሆነ።

ታሪኩ

ፊልሙን ያዘጋጀው ዲሬክተር ጆሴፍ ሩበን ሲሆን፣ ድርሰቱን የጻፈው በወንጀል ልብ ወለዶቹ የታወቀው ዶናልድ ዌስትሌክ ነው። በፊልሙ ላይ አገሩ የአሜሪካው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ይባል እንጂ የተቀረጸው በካናዳ፣ በቫንኩቨር አካባቢ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ጸጥ ባለ የመኖሪያ ሰፈር፣ ባንድ ቤት የመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ጢሙን ያሳደገ ሰው በመስተዋት ፊት ቆሟል፤ ፊቱና እጁ ደም ነው። ይታጠባል፤ ጢሙን ይላጫል፤ መልኩን ይለውጣል፤ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ መሬት ላይ የወደቀ የልጅ መጫወቻ አግኝቶ አንሥቶ በቦታው ያስቀምጣል። ከታች በሳሎኑ ውስጥ የገደላቸው ሚስቱና ልጆቹ ወድቀዋል። እርሱ ግን በሩን ከፍቶ እያፏጨ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ መንገዱን ይሄዳል። በመርከብ ሲሻገርም ሻንጣውን ወደ ውኃው ይወረውረዋል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ጄሪ ብሌክ በሚል ስም በሌላ ከተማ ቤት ሻጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ሱዛን የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት አግብቷል፤ እርስዋም ስቴፋኒ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ አለቻት። እናቲቱ ሼሊ ሃክ፣ ልጅቱ ጂል ሾለን ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ይወደዋል። በትርፍ ጊዜው ከቤቱ በታች ባለው ምድር ቤት የወፍ ቤት ከእንጨት ይሠራል። ልጅቱ ግን አልወደደችውም፤ የምትጠላበትንም ምክንያት በቃል ለማስረዳት አትችልም። የሟች ሚስቱ ወንድም በበኩሉ ያመለጠውን ገዳይ ከከተማ ወደ ከተማ ይፈልገዋል። ተመልካቹ ገዳዩ ማን መሆኑን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ «ገዳዩ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የለም፤ ያለው ጥያቄ «ይህች ልጅ የምታየውን ሌሎቹ የሚያዩት መቼ ነው?» የሚል ነው።

ታሪኩ የመነጨበት እውነተኛ ነገር

ይህ ታሪክ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በኅዳር ወር 1971 በኒው ጀርዚ ክፍለ ግዛት፣ ዌስትፊልድ በምትባል ከተማ፣ ጆን ሊስት የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ እናቱን፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ገድሎ ጠፋ። ሰውየው ሰላምተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ሥራውን አጥቶ ሳለ ለቤተ ሰቡ ሳይነግር፣ ማለዳ እንደ ልማዱ ከቤት እየወጣ በባቡር ጣቢያ ይውል ነበር። ሬሳዎቹ የተገኙት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ለቄሱ የጻፈውም ደብዳቤ እዚያው ቤት ተገኘ።

ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች ሲታይ ሊስት ገና አልተያዘም ነበር። ሮበርት ክላርክ በሚል ስም ሌላ ሚስት አግብቶ፣ በሒሳብ ሥራው እየተዳደረ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ይኖር ነበር። በ1989 አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ታሪኩን አንሥቶ፣ ከ18 ዓመት በኋላ ሊኖረው የሚችለውን መልክ የሚያሳይ ሐውልት ለሕዝብ ካቀረበ በኋላ፣ በ10 ቀን ገደማ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ተያዘ። በ1990 ተፈርዶበት በ2008 በእስር ላይ እንዳለ ሞተ።

ይህን የጠቀስሁት ፊልሙ የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው ለማለት አይደለም፤ ደራስያኑ ከዚህ ወሬ ተነሥተው የራሳቸውን ታሪክ ሠርተዋልና። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ያሳየናል። ስላሸር ፊልሞች የሚያሳዩን ጭምብል ለባሽ ከጫካ ወይም ከእብዶች ቤት ያመለጠ ሰው ነው። እውነተኛው ገዳይ ግን ለ18 ዓመት የተሸሸገው በጫካ ሳይሆን በጨዋነት ውስጥ ነው።

ተዋናዩ

ቴሪ ኦኩዊን በ1952 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ተወለደ። ይህን ፊልም ከመሥራቱ በፊት በ1980 በ«ሔቨንስ ጌት»፣ በ1985 ደግሞ በ«ሲልቨር ቡሌት» እየገባ አነስተኛ ክፍል የተጫወተ እንጂ ስሙ በሰፊው የታወቀ አልነበረም። ዝናው የሰፋው እጅግ ዘግይቶ፣ ከ2004 እስከ 2010 በታየው «ሎስት» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ጆን ሎክን ሆኖ ሲጫወት ነው፤ በ2007ም በዚህ ሥራው የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። የሥራውን ችሎታ ለመመርመር ግን እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህን የቀድሞ ፊልሙን ነው። ለማስረጃ ሦስት ቦታዎችን እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው ከላይ የተረክሁት የመታጠቢያ ክፍል ነው። ተዋናዩ በዚህ ቦታ አንድ ቃል አይናገርም፤ ፊቱንም አያኮማትርም። የሚያደርገው ሁሉ ሰው ማለዳ ማለዳ የሚያደርገው ነው። የሚያስደነግጠን ደሙ ብቻ አይደለም፤ ደሙን እንደ ላብ ወይም እንደ አቧራ መታጠቡ ነው። መጫወቻውን ከወለል ሲያነሣም ሥርዓት የሚወድ አባት የሚያነሣውን ያህል በጥንቃቄ ነው የሚያነሣው። ልጁን ገድሎ የልጁን ዕቃ ማዝረክረክ ያልወደደ ሰው በዓይናችን እናያለን። ይህን ለማሳየት ብዙ ገንዘብ አላስፈለገም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስተዋትና አንድ ሰው ብቻ በቃ።

ሁለተኛው የምድር ቤቱ ነው። ጄሪ ጎረቤቶቹን በግቢው ጋብዞ ሥጋ ሲጠበስ፣ አንድ ሰው ከጋዜጣ ላይ ስለዚያ ስላመለጠው ገዳይ ያነሣል። ጄሪ በፈገግታ ከሰዉ መካከል ወጥቶ ወደ ምድር ቤቱ ይወርድና ብቻውን ይጮኻል፣ ይወራጫል፣ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ስቴፋኒ በዚያው ሳለች ታየዋለች። ዘወር ብሎ ባያት ጊዜ ያ ቁጣ ከፊቱ ላይ ይጠፋል። ልብ በሉ፤ ቁጣውን ቀስ በቀስ አያበርደውም፤ እንደ መብራት ያጠፋዋል። ቀጥሎም ሰው አንዳንድ ጊዜ የታመቀውን መተንፈስ እንደሚያስፈልገው በለሰለሰ ድምፅ ያስረዳታል። ማስረዳቱም የሚታመን ነው። በክፍላችን የነበሩት ስምንት ተማሪዎች በዚህ ቦታ ሳቁ፤ ሳቁም የመጣው ከመሳቀቅ እንደ ነበር በኋላ ስንነጋገር ሁሉም አመኑ።

ሦስተኛው በመጨረሻው ክፍል የሚገኘው የስልኩ ቦታ ነው። ጄሪ የአሁኑ ቤተ ሰብ እንዳሰበው ስላልሆነለት፣ በምሥጢር ሥራውን ትቶ በሌላ ከተማ ሌላ ስምና ሌላ ሥራ አዘጋጅቷል። ሚስቱ ወደ ቢሮው ደውላ ሥራ መልቀቁን ስትሰማ ትጠይቀዋለች። እርሱም ስህተቱ የቢሮው እንደ ሆነ ሊያስረዳት ስልኩን አንሥቶ ሳለ ስሞቹ ይምታቱበታል፤ በመካከሉ ቆም ብሎ «ቆይ፣ እዚህ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ይህን በአስፈሪ ድምፅ ይናገረው ነበር። ኦኩዊን የሚናገረው ግን ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ እንደ ረሳ ሰው ነው። ሚስቱ በድንጋጤ ስሙን ስትነግረው ደስ ይለዋል፤ አመስግኖም በያዘው ስልክ ይመታታል።

ከእነዚህ ሦስት ቦታዎች የምንረዳው፣ ተዋናዩ «እኔ ክፉ ነኝ» የሚል ሰው አለመጫወቱን ነው። እርሱ የሚጫወተው «እኔ ከሁሉ የበለጠ አባት ነኝ» ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ዲሬክተሩም ይህን ተረድቶ ካሜራውን በፊቱ ላይ አቆየው። ጭምብል በለበሰ ገዳይ ላይ ካሜራ ቢቆይ የሚያገኘው ነገር የለም፤ በዚህ ሰው ፊት ላይ ግን በቆየ ቁጥር አንድ ነገር ያገኛል።

ሥዕሉን እንጂ ሰዎቹን ያልወደደ

ይህ ሰው ለምን ይገድላል? ለገንዘብ አይደለም፤ ለበቀልም አይደለም። በልቡ የያዘው የፍጹም ቤተ ሰብ ሥዕል አለ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ1954 እስከ 1960 «አባት ሁሉን ያውቃል» የሚል ዝነኛ ፕሮግራም ነበር፤ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አባት ከሥራ ሲመለስ ቤቱ የጸዳ፣ ልጆቹ የታዘዙ፣ ችግሩም ሁሉ ከእራት በፊት የሚፈታ ነበር። የጄሪ ልብ የቀረው በዚያ ዓይነት ቤት ነው። እውነተኛ ልጅ ግን ትቆጣለች፤ ትዋሻለች፤ ከትምህርት ቤት ትባረራለች፤ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር በደጃፍ ትቆማለች። ስቴፋኒ ይህን ሁሉ አድርጋለች። በእያንዳንዱም ጊዜ ሥዕሉ አንድ ቦታ ይቀደዳል። ሥዕሉ በጣም ሲቀደድ ጄሪ ሥዕሉን አይጥልም፤ ሰዎቹን ይጥልና ለሥዕሉ የሚስማሙ ሌሎች ሰዎች ይፈልጋል።

ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራው የወፍ ቤትም ይህን ያስረዳል። የወፍ ቤት ትንሽ ነው፤ ሠሪው ጣሪያውንም በሩንም በእጁ ይዞ ይጨርሰዋል፤ የሚቃወመው ማንም የለም። ጄሪ የሚፈልገው ቤተ ሰብ እንዲህ በእጅ የሚያዝ ነበር። ስለዚህም በፊልሙ መጨረሻ ላይ፣ እናቲቱ በሽጉጥ፣ ልጅቱም በቢላዋ ራሳቸውን ካዳኑ በኋላ፣ ስቴፋኒ ያንን በግቢው በእንጨት ላይ የተተከለውን የወፍ ቤት በመጋዝ ቆርጣ ስትጥለው፣ ማንም ተርጓሚ ሳያስፈልገው ነገሩ ለሁሉም ይገባዋል።

ልጅቱን ማን አመናት?

በእኔ አስተያየት የፊልሙ ከባድ ነገር ግድያው አይደለም፤ የልጅቱ አለመታመን ነው። ስቴፋኒ ስለ ባልዋ ለእናቷ ስትነግራት፣ እናቷ የአባቷ ሐዘን ያልወጣላት መስሏት ታባብላታለች። ልጅቱ ግን በጥበብ ትሠራለች፤ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ጽፋ የገዳዩን ፎቶግራፍ ታስልካለች። ጄሪ ፖስታውን ቀድሞ አግኝቶ ፎቶግራፉን በሌላ ሰው ፎቶግራፍ ይለውጠዋል። ልጅቱም ስታየው በራሷ ታፍራለች፤ ይቅርታም የሚገባው እርሱ ይመስላታል። የሚያክማት ሐኪም፣ ዶክተር ቦንዱራንት፣ ጥርጣሬዋን ቁም ነገር አድርጎ ስለ ያዘው ቤት ገዢ መስሎ ጄሪን ሊመረምረው ይሄዳል፤ በዚያም ይሞታል። ገዳዩም ነገሩን የመኪና አደጋ አስመስሎ ካበቃ በኋላ ልጅቱን የሚያጽናናት ራሱ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ የሚጠይቀን ይህን ነው። ባንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ይናገራሉ እንበል፤ አንዱ ንግግሩ የተስተካከለ፣ ልብሱ የጸዳ፣ በጎረቤት የተመሰገነ ነው፤ ሌላዋ ቁጡ፣ በትምህርት ቤት የተቀጣች፣ ሐሳቧን በቅጡ ያልገለጸች ናት። የምናምነው ማንን ነው? ብዙዎቻችን አስተማሪዎች፣ የሕግ ሰዎችና ሐኪሞች ለመሆን የምንማር ስለ ሆንን ጥያቄው ለእኛ የፊልም ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ፊታችን ቆማ፣ አሳማኝ ባልሆነ ቃል፣ እውነት የሆነ ነገር ትነግረናለች።

ገንዘብና ውጤት

ፊልሙ በወጣ ጊዜ ትልቅ ገበያ አላገኘም፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህን «ሃሎዊን» ካስገባው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ስሙ የተረፈው በቪዲዮ ካሴት ከቤት ወደ ቤት ስለ ተዛወረና ያዩት ሰዎች የተዋናዩን ነገር ስላልረሱት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የጽሑፌን ሐሳብ እንደ ፈተና ሆኖ ያረጋግጠዋል። በ1989 ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ ኦኩዊን ተመልሶ ተጫወተ፤ ታሪኩ ቢደክምም እርሱ አላደከመውም። በ1992 ሦስተኛው ክፍል ለቴሌቪዥን ሲሠራ ግን እርሱ አልነበረም፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ ገዳዩ ፊቱን በቀዶ ጥገና ለወጠ ብለው ሌላ ተዋናይ አስገቡ። በ2009 ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም ከቀድሞው እጅግ በበለጠ ገንዘብ እንደገና ተሠራ። ታሪኩ ያው ነው፤ ቤቱ የበለጠ ያምራል፤ ካሜራው የበለጠ ይሮጣል። ያ ፊት ግን የለም። ጭምብሉን ለሌላ ሰው ማልበስ ይቻላል፤ ይህን ሰው ግን በሌላ ሰው መተካት አልተቻለም።

ፊልሙ ያለ ጉድለት ነው አልልም። ገዳዩን የሚፈልገው የሟች ወንድም ታሪኩን ሁሉ ሲያቋርጥ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ቤቱ እንደ ደረሰ ባንድ አፍታ ይገደላል፤ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ቢገባኝም፣ እርሱን ስንከተል ያሳለፍነው ጊዜ ግን ረዝሞብኛል። የመጨረሻው ሩብ ሰዓትም ወደ ተለመደው የስላሸር ሩጫና ጩኸት ይመለሳል። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በማይበልጥ ፊልም ውስጥ ይህን ያህል መታገሥ አይከብድም።

መደምደሚያ

ፊልሙን ካየን በኋላ አንድ ጓደኛዬ «ይህ እኮ እንጀራ አባቶችን ሁሉ መስደብ ነው» አለኝ። ያለውን የተናገረው ለእኔ አዝኖ መሆኑን አውቃለሁ። በአገራችን ተረት እንኳ ክፉ ሆና የምትነገረው ብዙ ጊዜ እንጀራ እናት ስለ ሆነች፣ ይህ ፊልም ክሱን ወደ ሌላው ወገን ያዞረው መስሎት ነው። እኔ ግን ከብዙ ማሰብ በኋላ አልተስማማሁበትም።

የቋንቋችን ቃል ትክክለኛ ነው። «እንጀራ አባት» ማለት በእንጀራ አባት የሆነ፣ ያበላ ማለት ነው። የእኔ እንጀራ አባት ልብስ ሰፊ ናቸው። እስከ ዛሬ የምጠራቸው ጋሼ ብዬ ነው። ስለ ቤተ ሰብ ክብር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ «ልጄ» ሲሉኝም አልሰማሁም። በልጅነቴ ይህ ዝምታቸው ያስቀይመኝ ነበር። ክፉ ቃል ተናግሬያቸው ከቤት የወጣሁበት ቀን አለ፤ ማታ ስመለስ ራቴ ተከድኖ ጠበቀኝ እንጂ ማንም ምንም አላለኝም። ወደ ኮሌጅ ልመጣ በተነሣሁ ጊዜ የኮቴን ኪስ እንደገና ሰፉልኝ፤ ከተማ ደርሼ እጄን ብከት ገንዘብ አገኘሁበት። ይህንንም አንድ ቀን አላነሡብኝም።

ጄሪ ብሌክ ስለ ቤተ ሰብ የሚናገረው ቃል ብዙና ያማረ ነው፤ ልጅቱ እንደ ሥዕሉ ሳትሆንለት ስትቀር ግን የሚያውቀው መፍትሔ ቢላዋ ብቻ ነው። ጋሼ ደግሞ ሥዕል አልነበራቸውም፤ ፊታቸው የነበርሁት እኔው፣ ያ ቁጡ ልጅ ነበርሁ። ፊልሙ የሰደበው እንጀራ አባቶችን ሳይሆን፣ በቤቱ ያሉትን ሰዎች ሳያይ ሥዕላቸውን የሚወድ ማንኛውንም አባት ነው፤ ወላጅም ቢሆን። ይህን ልዩነት ያስተማረኝ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ በተማረ ሰው ዘንድ የተናቀ የነፍሰ ገዳይ ፊልምና አንድ ጎበዝ ተዋናይ መሆናቸውን ለመግለጽ አላፍርም።

በጽሑፌ ውስጥ ጉድለት የሚያገኙ አንባብያን በቅን ልቡና እንዲያርሙኝ እለምናለሁ። ፊልሙን ለማየት የሚፈልጉ ቢኖሩም ብቻቸውን ሳይሆኑ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው እንዲያዩት፣ ካዩም በኋላ መብራቱን አብርተው ስለ ልጅቱ እንዲነጋገሩ እመክራለሁ።